ፍቅረኞቹን የለያያቸው ምን ነበር?

አንድ የቆየ የፍቅር ታሪክ ለዛሬ አንባቢ እንደ አዲስ ተጽፎ ሲመጣ፣ ገና የመጀመሪያዎቹን ገጾች ስገልጥ ዓይኔ የሚፈልገው ፍቅረኞቹን አይደለም። ፍቅረኞቹ መቼም አይጠፉም፤ ስማቸው ቢቀየር፣ ከጭፈራ አዳራሽ ወጥተው ቢሮ ውስጥ ቢገናኙ፣ በሠረገላ ፈንታ በባቡር ቢጓዙ ያው ይተያያሉ፣ ይጣላሉ፣ ይፈላለጋሉ። እኔ የምፈልገው በመካከላቸው የቆመውን ነገር ነው። በጥንቱ ታሪክ የአባት ቃል፣ የውርስ ሕግ፣ የጎሳ ክብር ወይም የመንገድ ርቀት የለያያቸው ሁለት ሰዎች፣ ተደዋውለው መነጋገር፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ መጋባት፣ ካልሆነላቸውም መፋታት የሚችሉ ሆነው ሲጻፉ ታሪኩ በምን ላይ ይቆማል? ዛሬም ይህን ሁሉ ማድረግ የማይችሉ ብዙ ሰዎች እንዳሉ አልዘነጋሁም፤ ዳግም የሚጻፉት ታሪኮች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚችሉትን ሰዎች መርጠው ይነሣሉ፣ ችግራቸውም ከዚያ ይጀምራል። በዚህ ዘርፍ ካነበብኳቸውና ካየኋቸው ሥራዎች የተሳካላቸውም ሆኑ የከሸፉት፣ በእኔ ግምት፣ ለዚህ ጥያቄ በሰጡት መልስ ነው።

ብዙ ሰው ነገሩን የሚያነሣው በሌላ በኩል ነው። «ክላሲኩን ለምን ይነካኩታል?» ይላል። ይህ ቅሬታ ክላሲኮቹ ራሳቸው እንዴት እንደ ተጻፉ የዘነጋ ነው። የሮሚዮንና የጁልየትን ታሪክ ሼክስፒር አልፈጠረውም። በ1476 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በታተመው የማሱቾ ሳሌርኒታኖ የትረካ መድበል ውስጥ፣ በሲዬና ከተማ በመነኩሴ ርዳታ በምስጢር የተጋቡ፣ ባል በነፍስ ግድያ ተሰዶ ሚስት በማስተኛ መድኃኒት የሞተች መስላ የተቀበረች፣ መልእክት ባለመድረሱ የጠፉ ሁለት ወጣቶች አሉ። ሉዊጂ ዳ ፖርቶ ታሪኩን ወደ ቬሮና አዛውሮ ዛሬ የምናውቃቸውን ስሞች ሰጣቸው። ማቴዮ ባንዴሎ በ1554 በራሱ መንገድ ተረከው፤ ከዚያም በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ አርተር ብሩክ የተባለ እንግሊዛዊ በ1562 ረጅም ግጥም አደረገው። ሼክስፒር በ1590ዎቹ ተውኔቱን ሲጽፍ ዋና ምንጩ ይኸው የብሩክ ግጥም ነበር።

ከምንጩ የወሰደው ብዙ ነው፤ የለወጠው ግን የበለጠ ያስደንቀኛል። በብሩክ ግጥም ወራት የሚፈጀውን ታሪክ ሼክስፒር ከአንድ እሑድ ተነሥቶ ሳምንቱ ሳይሞላ በሚያልቁ ቀናት ጨመቀው። ባንዴሎ ዘንድ 18፣ ብሩክ ዘንድ 16 ዓመት የነበረችውን ጁልየት ገና 14 ያልሞላት ልጅ አደረጋት። ብሩክ በመቅድሙ ላይ ፍቅረኞቹን የወላጆቻቸውንና የወዳጆቻቸውን ምክር ንቀው ለምኞታቸው የተገዙ ብሎ ሲወቅሳቸው፣ ሼክስፒር ወቀሳውን ከልጆቹ ላይ አንሥቶ በሁለቱ ቤተሰቦች ጠብ ላይ ጫነው። ብሩክ ዘንድ ባልና ሚስቱ በድብቅም ቢሆን ለሳምንታት ይገናኛሉ፤ ሼክስፒር ዘንድ አንድ ሌሊት ብቻ አላቸው። በዚህም ምክንያት የቤተሰብ ጠብ ብቻ ሳይሆን ጥድፊያው ራሱ እንቅፋት ሆነ፤ አንድ ቀን ቢያገኙ ኖሮ ይተርፉ ነበር የሚለው ቁጭት ተመልካቹን እስከ መጨረሻው የሚይዘው ለዚህ ነው። እንግዲህ ክላሲክ የምንለው ሥራ የተሳካ ዳግም ትረካ መሆኑን ካየን፣ የዛሬዎቹን «ለምን ነካችሁት?» ብሎ መክሰስ አይቻለንም። መጠየቅ የምንችለው ከነኩት በኋላ በቦታው ምን እንደ ተከሉ ነው።

የዚህን ታሪክ ጉዞ ለመከታተል ደብዳቤውን መከተል ይበቃል። ማሱቾ ዘንድ መልእክቱን የያዘው ሰው በጉዞው ላይ በባሕር ወንበዴዎች ይያዛል። በሼክስፒር ተውኔት ግን፣ ከቀደሙት በወረሰው ሐሳብ፣ ጥፋቱን የሚያመጣው ወረርሽኝ ነው። ጁልየት የተኛችው ለጊዜው ብቻ መሆኑን ለሮሚዮ የሚገልጸውን ደብዳቤ የያዘው መነኩሴ፣ አብሮት የሚጓዝ የማኅበሩን ወንድም ፍለጋ ይሄዳል፤ ያም ወንድም በከተማው ውስጥ በሽተኞችን ይጠይቅ ነበርና፣ የከተማው መርማሪዎች ሁለቱም ተላላፊ በሽታ ያለበት ቤት ገብተው ነበር ብለው ጠርጥረው በሩን ያሽጉባቸዋል። ደብዳቤው ከቬሮና ሳይወጣ ይቀራል፤ ሰው ሁሉ በሽታውን ስለ ፈራ ለላኪው የሚመልሰው እንኳ አይገኝም። ይህ ሁሉ የሚነገረው በጥቂት መስመሮች ነው። ወረርሽኝ ቴአትር ቤቶቻቸውን ያዘጋባቸው የለንደን ተመልካቾች ከዚህ የረዘመ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

በ1957 ኒው ዮርክ ውስጥ ለመድረክ የበቃው «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» የተባለው ሙዚቃዊ ድራማ ይህንን ደብዳቤ ምን እንዳደረገው ባየሁ ቁጥር የአዘጋጆቹን ብልኅነት አደንቃለሁ። ሐሳቡ በ1949 ሲጠነሰስ ጠቡ በአይሁዳውያንና በካቶሊኮች መካከል እንዲሆን ታቅዶ ነበር፤ ነገር ግን ሌሎች ቀድመው የሄዱበት መንገድ መስሎ ስለ ታያቸው ተዉት። ከዓመታት በኋላ የወጣት ቡድኖች ግጭት የጋዜጣ ወሬ ሲሆን ተመለሱበትና አንዱን ወገን በከተማው ተወልደው ያደጉ ነጭ ወጣቶች፣ ሌላውን ከፖርቶ ሪኮ የመጡ ስደተኞች አደረጉት። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ፍቅረኛሞቹ በእጃቸው ነበሩ፤ የጎደላቸው እንቅፋቱ ነበር።

ከዚያም ደብዳቤው አለ። በዚህ ድራማ ፍቅረኞቹ ቶኒና ማሪያ ናቸው፤ መልእክቱን የምትወስደው ከማሪያ ወገን የሆነችው አኒታ ናት፤ የምትወደውን ሰው ቶኒ ገድሎባታል፣ ሆኖም የማሪያን ፍቅር አይታ ለቶኒ ቃል ልታደርስ ትስማማለች። የቶኒ ጓደኞች ወደሚሰበሰቡበት መድኃኒት መደብር ስትገባ ይሳለቁባታል፣ ይከቧታል፣ ይተናኮሏታል፤ ባለቤቱ ደርሶ ባያስጥላት ከዚያም የከፋ ይደርስባት ነበር። ተዋርዳና ተቆጥታ ስትወጣ የመጣችበትን መልእክት ትታ ሌላ ትናገራለች፤ ማሪያ ሞታለች፣ ተገድላለች ትላለች። መልእክቱ አልጠፋም፣ አልዘገየም፤ በጊዜው ደረሰ፣ ግን ሐሰት ሆኖ ደረሰ። ሐሰት ያደረጉትም የቶኒ የራሱ ወገኖች ናቸው። በሼክስፒር ዘንድ የዕድል ጉዳይ የነበረው ነገር እዚህ የጥላቻው ፍሬ ሆነ፤ በዚህች አንዲት ነጥብ አዲሱ ሥራ ከጥንቱ ይበልጣል ብል ብዙ ሰው እንደሚቆጣኝ አውቃለሁ፣ ሆኖም እላለሁ። መጨረሻውንም የለወጡት በዚሁ መንፈስ ነው፤ ቶኒ ይሞታል፣ ማሪያ ግን ሽጉጡን ይዛ በሁለቱም ወገኖች ፊት በሕይወት ትቆማለች።

በ1996 የወጣው የባዝ ለርማን ፊልም ደግሞ የሼክስፒርን ቃል እንዳለ ይዞ ዘመኑን ብቻ ለወጠ፤ ገጸ ባሕርያቱ ስለ ሰይፍ ሲናገሩ የሚመዙት «ሰይፍ» የሚል የፋብሪካ ስም የተጻፈበት ሽጉጥ ነው። ደብዳቤው የሚላከው በፈጣን መልእክት አድራሽ ድርጅት በኩል ሲሆን አድራሹ ሲመጣ ሮሚዮን አያገኘውም። ፊልሙን እወደዋለሁ፤ ይህቺ ክፍል ግን ሁልጊዜ ታሳንስብኛለች። ወረርሽኝ አንድን ከተማ ሙሉ የሚያስፈራ ነገር ነው፤ በሩን ያሸጉትም ሰዎች ሥራቸውን ሠሩ። ያልደረሰ ጥቅል ግን ከተራ ገጠመኝነት አያልፍም።

ከዚያ ወዲህ የእጅ ስልክ በሁሉም ሰው ኪስ ገባና የዳግም ተራኪዎች ኑሮ ከበደ። ባትሪ አለቀ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ስልኩ ውሃ ውስጥ ወደቀ የሚሉት መፍትሔዎች የበዙባቸው መጻሕፍት አሉ፤ እንዲህ ያለ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ለመዝጋት ብዙ አልቸገርም። በቻርጀር የሚፈታ እንቅፋት ሁለት ሰው አይገድልም። ስልኩ መኖሩን አምነው የሚጽፉት ግን ከጥንቱ የባሰ ሥቃይ ያገኙበታል፤ መልእክቱ ደርሷል፣ መታየቱም ታውቋል፣ መልስ የለም። ደብዳቤ አልደረሰም ብሎ መጽናናት ይቻል ነበር። ዛሬ እንዲያ ብሎ ራስን ማታለል አስቸጋሪ ነው፣ ዝምታው የማን እንደሆነም በግልጽ ይታወቃል።

በሞት ከሚያልቁት ይልቅ በሠርግ የሚያልቁትን እንደ አዲስ መጻፍ የቀለለ ይመስላል፤ እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የጄን ኦስቲን ልብ ወለድ «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» በ1813 ታትሞ እስከ ዛሬ ሳያቋርጥ እየተቀዳ ነው። ቅጂዎቹ ሁሉ ኩሩውን ዳርሲንና አንደበተ ርቱዓዋን ኤሊዛቤትን ይወስዳሉ፤ ብዙዎቹ የማይወስዱት የርስቱን ሕግ ነው። የቤኔት ቤተሰብ በዓመት 2,000 ፓውንድ የሚያስገባ ርስት አለው፤ ሆኖም ርስቱ ለወንድ ወራሽ ብቻ የሚተላለፍ በመሆኑ አባት ሲሞት እናትና 5 ሴት ልጆች ከቤታቸው ይወጣሉ፣ ቤቱም ለሩቅ ዘመዳቸው ለኮሊንስ ይሆናል። ኤሊዛቤት ኮሊንስን እምቢ ስትል አንድን አሰልቺ ሰው ብቻ አይደለም የምትገፋው፤ የእናቷንና የእህቶቿን መጠለያ ጭምር ነው። ቀጥሎ በዓመት 10,000 ፓውንድ የሚያገኘውን ዳርሲን መጀመሪያ በጠየቃት ጊዜ እምቢ ስትል ድፍረቷ የሚያስደነግጠው፣ አንባቢው በልቡ ሒሳቡን እየሠራ ስለሆነ ነው።

ይህን ሒሳብ በሥጋና በደም የምታሳየን የኤሊዛቤት ጓደኛ ሻርሎት ሉካስ ናት። 27 ዓመቷ ነው፣ ሀብት የላትም፣ መልኳም እንዲህ የሚባልላት አይደለም፤ ጓደኛዋ እምቢ ያለችውን ሰው ብዙ ቀን ሳይቆጠር ለማግባት ትስማማለች፤ የምትፈልገው ምቹ ቤት ብቻ እንደሆነም ሳታፍር ትናገራለች። ኦስቲን አትሰድባትም፣ አታሞግሳትም። በኋላ ኤሊዛቤት ልትጠይቃት ስትሄድ ሻርሎት የምትውልበትን ክፍል ከባሏ መዋያ አርቃ መምረጧን ታስተውላለች፤ ክፍሉ መልካም እይታ ቢኖረው ባልየው አዘውትሮ ይመጣበት ነበርና፣ ሆነ ብላ እይታው ያላማረውን መርጣለች። አንድ ሙሉ ትዳር በአንድ የክፍል ምርጫ ተነገረን። የኤሊዛቤት ደስታ የሚመዝነው ከዚህች ክፍል ጋር ሲተያይ ነው፤ ስለዚህ ሻርሎትን የጣለ ወይም ለማሳቂያ ብቻ ያስቀመጠ ቅጂ ዳርሲን ምንም ያህል ቢያሳምረው ሚዛኑን አጥቷል።

በ1996 የታተመው የሄለን ፊልዲንግ «ብሪጅት ጆንስስ ዳያሪ» እንቅፋቱን ወደ ውስጥ አስገባው። ጀግናዋ ሥራና ደመወዝ አላት፣ የራሷ ቤት አላት፤ የምትታገለው ከራሷ ጋር ነው፤ የማስታወሻዋን ገጽ ስትጀምር ክብደቷንና ያጨሰችውን ሲጋራ ትቆጥራለች። ደራሲዋ ምንጯን አልደበቀችም፣ ወንዱን ማርክ ዳርሲ ብላዋለች፤ በ1995ቱ የቢቢሲ ተከታታይ ዳርሲን የተጫወተው ኮሊን ፈርዝ በ2001 በወጣው የመጽሐፉ ፊልም ማርክ ዳርሲን መጫወቱም ቀልዱን አጣፍጦታል። ሳነበው እስቃለሁ። ነገር ግን የመኖርና ያለመኖር ጥያቄ የነበረው ጉዳይ የስሜት ጥያቄ ሲሆን አንድ ነገር እንደ ሳሳም ይሰማኛል፤ ብሪጅት ብቻዋን ብትቀር ታዝናለች እንጂ ቤቷን አታጣም።

የርስቱን ክፍተት በሚገባ የሞላ ያገኘሁት ባልጠበቅሁት ቦታ ነው። «ዘ ሊዚ ቤኔት ዳያሪስ» በ2012 እና በ2013 በዩቲዩብ የቀረበ፣ 100 አጫጭር ክፍሎች ያሉት ተከታታይ ነው፤ አንዲት ወጣት ተማሪ ካሜራ ፊት ተቀምጣ ሕይወቷን ታወራለች። እዚያ ኮሊንስ የሚያቀርበው የጋብቻ ጥያቄ ሳይሆን የሥራ ጥያቄ ነው፤ በድርጅቱ ውስጥ አብራው እንድትሠራ ይጠይቃታል፣ ሊዚ የማታምንበትን ሥራ አልሠራም ብላ እምቢ ትላለች፣ ሻርሎት ቦታውን ትወስደዋለች። ጓደኛሞቹ የሚጣሉበት ምክንያት ከ200 ዓመት በፊት የነበረው ነው፤ አንዷ ሕልሜን አልሸጥም ትላለች፣ ሌላዋ የምበላው ያስፈልገኛል ትላለች። የታናሿ የሊዲያ መኮብለልም እንዲሁ ተቀይሯል፤ በ1813 አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ሳትጋባ ከወንድ ጋር ብትጠፋ የሁሉም እህቶቿ ዕድል ይዘጋ ነበር፤ በ2013 ልጅቱን ያሳታት ዊካም የሚያደርገው የሁለታቸውን የግል ቪዲዮ በኢንተርኔት ለመሸጥ መነሣት ነው። ዳርሲም እንደ ጥንቱ ገንዘቡን አውጥቶ በስውር ያስቆመዋል። ዘመኑ ቢለወጥም ኃፍረቱ የሚሠራበት መንገድ አንድ ነው፤ በአደባባይ ከወጣ ወደ ኋላ የማይመለስ፣ ጥፋተኛውን ትቶ ልጅቱን የሚቀጣ ነገር።

በአንጻሩ ጥንታዊው ሥራ እንደ እንቅፋት ያልቆጠረው፣ የዛሬ አንባቢ ግን የሚደናቀፍበት ነገርም አለ። በኦስቲን «ኤማ» ጀግናዋ 21 ዓመት ሊሞላት ነው፣ የምታገባው ሰው በ16 ዓመት ይበልጣታል፣ ሕፃን ሆናም ያውቃታል። ብዙ ቅጂዎች ዕድሜውን ዝም ብለው ይቀንሱታል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንዲሉ፣ ወንዱ ልጅቱን እያረመና እየገሠጸ የማሳደጉ ነገር እንዳለ ከተተወ ዕድሜውን መቀነሱ ብቻ ነገሩን አያድነውም።

ከሁሉም በላይ እንደ አዲስ ቢጻፍ የምመኘው የለይላና የመጅኑን ታሪክ ነው። መጅኑን (እብድ ማለት ነው) የተባለው ቀይስ የሚሉት የዓረብ ባለቅኔ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ይኖር እንደ ነበር ይተረካል። በዓረቦቹ ትረካ ሁለቱ የተዋወቁት በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ ነው፤ ኒዛሚ ጋንጃዊ በ1188 በፋርስ ቋንቋ ሲጽፈው ትምህርት ቤት አስገብቶ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው፤ እርሱም በበኩሉ ዘመነኛ ተራኪ ነበር ማለት ነው። ፉዙሊ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአዘርባጃንኛ ጻፈው፤ በ1908 ደግሞ ኡዜይር ሐጂቤዮቭ በባኩ ኦፔራ አደረገው። በዚህ ታሪክ ውስጥ እንቅፋቱ የቤተሰብ ጠብ አይደለም፣ ድህነትም አይደለም። ቀይስ ፍቅሩን በግጥም ይናገራል፣ ግጥሙ ከአፍ ወደ አፍ ይዛመታል፣ የለይላ ስም በየሰፈሩ ይነሣል፤ አባቷም ስሟን ያወጣ ሰው ልጄን አያገባም ይላል፣ ቀጥሎም እብድ ተብሏልና ለእብድ አልድርም ይላል። ፍቅሩን ታላቅ ያደረገው ግጥም ፍቅሩን የዘጋው ግጥም ነው።

ከዚህ ታሪክ ተቀድተው ካየኋቸው ዘመናዊ ሥራዎች ውስጥ ይህን እንቅፋት ትተው ወደ ተለመደው የቤተሰብ ጠብ የሚዞሩ አሉ፤ ይህም ይገርመኛል፤ ምክንያቱም የእኛን ዘመን ያህል ለዚህ ታሪክ የተመቸ ዘመን የለም። ወጣቱ የሚወዳትን ልጅ በስሟ እየጠራ በየቀኑ ለሕዝብ የሚለጥፍ፣ ሺዎች የሚያጨበጭቡለት፣ እርሷ ግን ሥራ ቦታዋ በገባች ቁጥር የምትታይበት ሆና ትጻፍ። አንባቢው መጀመሪያ ለወጣቱ ያዝናል፣ ቆይቶ ደግሞ ለይላን አንድ ሰው ጠይቋት እንደ ሆነ ማሰብ ይጀምራል። በኒዛሚ ዘንድም ለይላ በድብቅ ግጥም ትመልሳለች፤ ቀይስ በአደባባይ ይጮኻል፣ እርሷ መጮኽ አትችልም። ይህ ልዩነት ብቻውን አንድ ልብ ወለድ ይወጣዋል።

እንቅፋቱ ሰው ሲሆን ጉዳዩ ይከብዳል። በ1847 የታተመው የሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤየር» ውስጥ የጄንና የአሠሪዋ የሮቸስተር ሠርግ በመሠዊያው ፊት የሚቋረጠው እርሱ በሕይወት ያለች ሚስት ስላለችው ነው፤ በርታ አእምሮዋ ተነክቶ ላይኛው ፎቅ ተቆልፎባታል። የዛሬ አንባቢ «ለምን አይፈታትም?» ይላል። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሙሉ ፍቺ የሚገኘው በፓርላማ በሚወጣ ልዩ ሕግ ነበር፤ ፍርድ ቤት ፍቺ እንዲፈጽም የፈቀደው ሕግ በ1857 መጣ፣ የአእምሮ ሕመም የፍቺ ምክንያት መሆን የቻለው ደግሞ በ1937 ነው። ስለዚህ በርታ ለብሮንቴ የማይነቃነቅ ግንብ ነበረች፤ ፍቅረኞቹ እንዲገናኙ መሞት ነበረባት፣ ሞተችም። ታሪኩን ወደ ዛሬ የሚያመጡ የፍቅር ልብ ወለዶች ፍቺ በእጃቸው ስላለ ይህችን ሴት የሚያደርጓት ይጠፋቸዋል፤ አንዳንዱ አስቀድሞ ይገድላታል፣ አንዳንዱ ክፉ ያደርጋትና ሮቸስተርን ያነጻል። ጂን ሪስ በ1966 ባሳተመችው «ዋይድ ሳርጋሶ ሲ» ውስጥ በተቃራኒው ሄደች፤ በካሪቢያን ተወልዳ ያደገችው ይህች ደራሲ በርታን አንቷኔት ብላ ስም፣ ልጅነትና አገር ሰጠቻት፣ በርታ የሚለው ባሏ በላይዋ የጫነባት ስም ሆነ። የባልየውን ስም ግን በመጽሐፉ ውስጥ አትጠራም። ያን መጽሐፍ ካነበብኩ በኋላ «ጄን ኤየር»ን እንደ ቀድሞው ማንበብ አልቻልኩም፤ አሁንም እወደዋለሁ፣ ግን የጄን ደስታ ከፎቁ ላይ ካለችው ሴት ተለይቶ አይታየኝም።

ስለ መልካም ፍጻሜ ብዙ ይባላል፣ ፊልም ሠሪዎች ያመጡት በሽታም ይመስላል። እንዲያ አይደለም። የሙዚቃ ደራሲው ግሉክ በ1762 የሞተች ሚስቱን ፍለጋ ወደ ሙታን ዓለም የወረደውን የግሪኮች ኦርፌዎስን ኦፔራ ሲያደርገው የፍቅር አምላክ ሚስቱን መልሶ ይሰጠዋል። እንግሊዛዊው ተዋናይ ዴቪድ ጋሪክ በ1748 በሼክስፒር ተውኔት ላይ ጁልየት ሮሚዮ ሳይሞት የምትነቃበትንና የሚነጋገሩበትን ትዕይንት ጨመረ፤ ለመቶ ዓመት ገደማ ብዙ ተመልካች ያየው ይህንን ነው። ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ፕሮኮፊየቭም በ1935 የሮሚዮና ጁልየትን የባሌ ዳንስ ሙዚቃ ሲጽፍ መጀመሪያ በደስታ ጨርሶት ነበር። ተመልካች ፍቅረኞቹ እንዲገናኙ ይፈልጋል፣ ይህን መፈለጉም ነውር የለበትም። ነውሩ እንቅፋቱ ሳይነሣ ፍቅረኞቹን ማጋባት ነው፤ ለዚህ ከ«ፒግማሊየን» የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ በጻፈው ጥንታዊ ታሪክ ፒግማሊየን ሴቶችን ንቆ ከዝሆን ጥርስ ምስል ይቀርጻል፣ ይወዳታል፣ የፍቅር ሴት አምላክ ሥጋ ታለብስለታለች፣ ያገባታል። ምስሏ ስም የላትም፣ አንዲትም ቃል አትናገርም። በርናርድ ሾው በ1913 መጀመሪያ ቪየና ላይ በታየው ተውኔቱ ያደረገው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ምስሏ እንድትናገር አደረጋት። አበባ ሻጯ ኤላይዛ ከፕሮፌሰር ሂጊንስ የጨዋ ሰው አነጋገር ትማራለች፣ ፈተናውን ታልፋለች፤ በድሉ ሌሊት ግን ሂጊንስ ተገላገልኩ እያለ ስለ ድካሙ ያወራል እንጂ አንድ ቃል አይላትም። የቤት ጫማዎቹን አንሥታ ትወረውርበታለች። በመጨረሻው ገቢር ሂጊንስ ከገበያ ጓንትና ከረቫት እንድትገዛለት ሲያዝዛት፣ ራስህ ግዛ ብላ ትወጣለች። እንቅፋቱ እርሱ ራሱ ነው፤ ሠራኋት ብሎ የሚያስበውን ሰው እንደ እኩያው ማየት የማይችል ሰው።

ተውኔቱ በ1914 ለንደን ሲመጣ ሂጊንስን የተጫወተው ቢርቦም ትሪ መጋረጃው ሳይወርድ ለኤላይዛ አበባ ይወረውርላት ጀመር፤ ሾው ተቆጣ። በ1916 ተጨማሪ ጽሑፍ አትሞ ኤላይዛ የሚያፈቅራትን ወጣት ፍሬዲን አግብታ የአበባ ሱቅ እንደምትከፍት አስረዳ። በ1938 የወጣው ፊልም ግን መለሳት። ሾው በ1950 ከሞተ በኋላ በ1956 የመጣው ሙዚቃዊ ድራማ «ማይ ፌር ሌዲ» እና የ1964 ፊልሙም መለሷት፤ ሂጊንስ ብቻውን ተቀምጦ የተቀዳ ድምፅዋን ሲያዳምጥ ትገባለች፣ እርሱም ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ደፍቶ የቤት ጫማዎቼ የት አሉ ይላታል።

በክርክሩ ከሾው ጋር ነኝ። ሆኖም ፊልሙን ሳየው፣ ያ ትዕቢተኛ ሰው ድምፅዋን ከሸክላ ሲሰማ፣ እኔም እንድትገባ እፈልጋለሁ፤ ትሪ በ1914 አበባውን ሲወረውር ምን እንደ ተሰማው ይገባኛል። የማልቀበለው መመለሷን ሳይሆን ስትመለስ እርሱ ከወንበሩ አለመነሣቱን ነው። ታሪኩን ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ የሚጽፈው ሰው፣ ከፈለገ ያጋባቸው፤ በዚያ የመጨረሻ ትዕይንት ግን ሂጊንስ የቤት ጫማውን ራሱ ሲፈልግ ቆይቶ ያግኘው፣ እርሷም ልትገባ ስትል በሩን የሚከፍተው እርሱ ይሁን።